ወሩ የቀደመበት መዝገብ

ውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ፣ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናው ላይ ጎብጠሽ እየዋልሽ፣ ዛሬም ያስቸግርሻል ወይስ ሻል አለሽ? የእማዬ የእግር እብጠት ጎደለላት? ዓይኗስ? ባለቤትሽ ዝምተኛው ሳሉ ለቀቀው? ሚጡስ እንዴት ናት? ባለፈው የላክሽልኝን ፎቶ ሳየው ቁመቷ የበሩን እጀታ አልፎ ሄዷል፤ በዚህ አያያዟ በሚቀጥለው ዓመት ያንቺን ቀሚስ መልበስ ትጀምራለች። ቤቱን በሐሳቤ እየዞርኩ ሁላችሁንም አንድ በአንድ ሰላም ብያለሁ።

እኔን የጠየቅሽ እንደሆነ በአካሌ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ። የተከራየሁት ክፍል መስኮቱ አሁንም አልዘጋ እንዳለ ነው፤ ለአከራዬ ስነግራት ንጹሕ አየር ለጤና ጥሩ ነው ብላ ታሾፍብኛለች። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ወረቀቱን ብሞላው ደስ ባለኝ። ግን አይሆንም።

እትዬ፣ እንደ ልማድሽ እማዬ አጠገብ ቁጭ ብለሽ ደብዳቤውን ጮክ ብለሽ ማንበብ ጀምረሽ ከሆነ እዚህ ላይ አቁሚ። ደንበኛ መጣብኝ በያትና ተነሺ። የስፌት ክፍሉን በር ዝጊና ለብቻሽ አንብቢው። እኔን ታውቂኛለሽ፣ ወሬ ማጣፈጥ እወዳለሁ፤ ዛሬ ግን የማጣፍጥበት አንጀት የለኝም። ነገሩ የድምቡሼ ነው። ትንሹ ወንድማችን ከጠፋብን አምስት ዓመት ሊሞላው አራት ወር ብቻ ቀርቶታል። ቁርጡን አግኝቻለሁ። ደግ ቁርጥ አይደለም። እንዴት እንዳገኘሁት ግን ከሥሩ ጀምሬ ካልነገርኩሽ አይገባሽም፤ ስለዚህ ታገሺኝ።

የመጨረሻ ጊዜ የደወለልን በሰባተኛው ወር በሁለተኛው ቀን እንደነበር ታስታውሻለሽ። ወደ እኔ እየመጣ ነበር። ከመንገድ ዳር ሱቅ፣ ከሰው ስልክ፣ መጀመሪያ ለእማዬ ቀጥሎም ለእኔ ደወለ። የጭነት መኪና ላይ እንደተሳፈረ፣ ሾፌሩ ወሬኛ ቢሆንም ደግ እንደሆነ ነገረኝና «ሁለት ቀን ነው የቀረኝ፤ አልጋህን ለእኔ ልቀቅልኝ» አለኝ። እኔም መሬት ላይ ነው የምትተኛው ብዬ ቀለድኩበት። ከዚያ ወዲያ ድምፁ ጠፋ። ሆስፒታል ጠየቅኩ፣ ፖሊስ ጣቢያ ተመላለስኩ፣ የሾፌሮች ማረፊያ ሁሉ ፎቶውን ይዤ ዞርኩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት እንዲህ አለፉ፤ ይህንን ታውቂዋለሽ።

የማታውቂው የምሠራበትን ቤት ነው። ለእማዬ «ወረቀት ቤት ነው» ብዬ ነው የነገርኳት፤ ላንቺም ከዚያ አልጨመርኩም። መሥሪያ ቤቱ ማንነታቸው ሳይታወቅ ሞተው የተገኙ ሰዎችን መዝገብ የሚይዝ ነው። ስድስት ቅርንጫፎች አሉት። በየአካባቢው መንገድ ላይ፣ ወንዝ ዳር፣ ባዶ ቤት ውስጥ የተገኘ ሰው ሁሉ በቅርንጫፉ ይመዘገባል፤ የተገኘበት ቀን፣ ዕድሜው በግምት፣ መልኩ፣ የለበሰው ልብስ ይጻፋል። ከዚያ ሪፖርቱ ወደ ዋናው ቢሮ፣ ወደ እኛ ይላካል። የጠፋባቸው ሰዎች እኛ ዘንድ መጥተው ይጠይቃሉ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ወደዚህ ቤት መጀመሪያ የመጣሁት እኔም ጠያቂ ሆኜ ነበር። የተቀበለኝ መዝገብ ቤቱን የሚጠብቀው ሽማግሌ ነው። ሁሉን ነገር፣ ምሳውን ጭምር፣ በካርቶን ስለሚያስቀምጥ ጋሼ ካርቶን ነው የሚሉት። ደግ ሰው ነው። የድምቡሼን ዕድሜና ቁመት፣ ቅንድቡ ላይ ያለችውን ጠባሳ ነገርኩት። በመደርደሪያዎቹ መሐል ገብቶ ብዙ ቆየና አንድ ወረቀት ይዞ ወጣ። ወንድ፣ ከሃያ አራት እስከ ሃያ ስድስት ዓመት፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ በግራ ቅንድቡ ላይ የቆየ ጠባሳ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ፣ በመኪና አደጋ ሞቶ ከተማ መግቢያ ላይ የተገኘ ይላል። እትዬ፣ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ጋሼ ካርቶን በጣቱ ወረቀቱን እየተከተለ ቀኑ ላይ ሲደርስ ቆም አለና ወንድምህ የደወለው መቼ ነበር ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ፊቱ በራ። ይሄ ሰው የተገኘው ከዚያ ሦስት ወር ቀድሞ፣ በአራተኛው ወር በሰባተኛው ቀን ነው አለ። ሌላውን ማንበብ ተወና ወረቀቱን ገለበጠው። ትከሻዬን ያዝ አድርጎ «የሞተ ሰው ስልክ አይደውልም ልጄ፤ ይሄ ወንድምህ አይደለም» አለኝ።

ደረጃው ላይ ቆሜ ነው የደወልኩላችሁ። አንቺ ነሽ ያነሳሽው፤ እማዬ ከኋላሽ ምን አለ፣ ምን አለ ስትል ይሰማኝ ነበር። አልተገኘም፣ እሱ አይደለም፣ በሕይወት አለ አልኩሽ። ይህንን ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ጋሼ ካርቶን ያለኝ ይሄ ሰው ወንድምህ አይደለም ብቻ ነው። በሕይወት አለ የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ማንም እንድጨምር አልጠየቀኝም። ደስታው አቅሌን አሳተኝና አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኩ።

እማዬ ከዚያ ወዲህ እንዴት እንደኖረች ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ቁልፉ የተላቀቀውን አሮጌ ስልክ ድምቡሼ የሚያውቀው ቁጥር ነው ብላ አልጥልም እንዳለች ናት። አንቺም ገበያው ዳር ያለውን ክፍል፣ መብራት ያለውንና ሰፊውን፣ ሁለት ጊዜ ተለምነሽ ሁለት ጊዜ እምቢ ያልሽው እማዬ ልጄ ይሄንን ቤት ነው የሚያውቀው ስላለች ነው። ባልሽ አንድ ቀን እንኳ አልተነፈሰም፤ ዝምተኛ ነው ብለን ሳቅንበት እንጂ ስንት ነገር በሆዱ እንደያዘ ማን ጠየቀው? ይህ ሁሉ እኔ ደረጃ ላይ ቆሜ ከጨመርኩት አንድ ቃል የመጣ ነው።

ወደ ነገሩ ልመለስ። በመመላለስ ብዛት በቢሮው ታወቅኩና ጋሼ ካርቶን የጽዳት ሠራተኛ እንደሚፈልጉ ነገረኝ፤ ሁለት ዓመት ወለል ወለወልኩ። ጎን ለጎን የኮምፒውተር ትምህርት ስማር ቆየሁና የዛሬ አራት ወር ጠረጴዛ ተሰጠኝ። የመጀመሪያ ሥራህ የሪፖርቱን ቀኖች ማጽዳት ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ ከማጽዳት የተገላገልኩ መስሎኝ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። ስድስቱ ቅርንጫፎች ቀን የሚጽፉት እንደየሐሳባቸው ነው። አንዱ በነጥብ ይለያል፣ አንዱ በሰረዝ። አንዱ ዓመቱን ያስቀድማል፣ አንዱ የወሩን ስም በፊደል ይጽፋል፣ አንዱማ ዓመቱን ጭራሽ ይረሳዋል። ኮምፒውተሩ ቀን ነው ብሎ የተቀበለውን ቁጥር በሳጥኑ ውስጥ ወደ ቀኝ ያስጠጋዋል፤ ያልገባውን ወደ ግራ ይተወዋል። ከእኔ በፊት የነበሩትም እኔም የምናርመው ወደ ግራ የቀሩትን ነው፤ በሽተኞቹ እነሱ ናቸዋ። ወደ ቀኝ የተኙትን ማንም አይነካቸውም፤ ጤነኛ ይመስላሉ። ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ስሠራ በፍጥነቴ ተመስግኛለሁ፤ ኃላፊያችን በሰው ፊት እጄን ጨብጣኛለች። እኔም ደረቴን ነፍቼ ነበር፣ ምን እደብቅሻለሁ።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ከአንዱ ቅርንጫፍ፣ ከዚህ በአውቶቡስ አራት ሰዓት ከሚያስኬደው፣ የመጣ አንድ የመዝገብ ገጽ ከኮምፒውተሩ ጋር እያስተያየሁ ነበር። በአንድ እጅ፣ በአንድ እስክሪብቶ የተጻፉ ሦስት ሰዎች ተከታትለው ተቀምጠዋል። ሁለት መቶ አሥራ አንደኛው ቀኑ 7/3 ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛው 7/4። ሁለት መቶ አሥራ ሦስተኛው 7/19። ሦስተኛውን ኮምፒውተሩ ወደ ግራ ትቶት ነበር፤ አሥራ ዘጠነኛ ወር የሚባል የለማ። እኔ ራሴ ገልብጬ የሰባተኛው ወር አሥራ ዘጠነኛ ቀን ብዬ አርሜዋለሁ። ሁለቱ ግን ጤነኞች ናቸው ተብለው አንዱ በሦስተኛው ወር፣ አንዱ በአራተኛው ወር ተቀምጠዋል። ተራ ቁጥራቸው እጅና ጓንት ሆኖ ሳለ በመሐላቸው ወራት እንዴት ገባ? እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ይሄ ቅርንጫፍ ወሩን ነው የሚያስቀድመው። ሁሌም። ሁሉንም።

ከዚያ የሁለት መቶ አሥራ ሁለተኛውን መልክ አነበብኩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ግራ ቅንድቡ ላይ የቆየ ጠባሳ።

7/4፣ እትዬ። የአራተኛው ወር ሰባተኛ ቀን አይደለም። የሰባተኛው ወር አራተኛ ቀን ነው። ከደወለልን በሁለተኛው ቀን።

ከወንበሬ ተነስቼ ጋሼ ካርቶን ዘንድ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ዋናውን ወረቀት አውጣልኝ አልኩት። ያኔ አንብቦልኝ የገለበጠውን ያንኑ ወረቀት አወጣው። ታች፣ ተጨማሪ ማስታወሻ በሚለው ቦታ፣ ያኔ ያልደረስንበት አንድ መስመር አለ። የሹራቡ ግራ ክርን በቀይ ክር የተጠገነ ይላል።

ሰማያዊ ክር አጥተሽ፣ ለመንገድ ነው ማን ያየዋል ብለሽ በቀይ ስትሰፊለት እኔ በስልክ እየሰማሁ ነበር። እሱ እየሳቀ ሙሽራ አስመሰልሽኝ ሲልሽ ሰምቼዋለሁ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ልፈልግ? ጋሼ ካርቶን አላለቀሰም፤ መነጽሩን አውልቆ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች፣ ያኔ ማንበብ የነበረበትን ያህል፣ ቀስ ብሎ አነበበው።

ለቅርንጫፉ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው መዝጋቢዋ ራሷ ናት፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት። ቀን ስትጽፉ ምኑን ነው የምታስቀድሙት አልኳት። እኛ ሁሌም ወሩን ነው የምናስቀድመው፤ ቅጹ ቀን ብቻ ነው የሚለው፣ እንዴት እንደምንጽፍ እስከዛሬ ማንም ጠይቆን አያውቅም አለችኝ። ልጮህባት ፈልጌ ነበር። ምን ብዬ? በንጹሕ እጅ ጽሑፍ፣ ሰው በተገኘበት ዕለት፣ የክሩን ቀለም ሳይቀር የመዘገበች ሴት ናት። ከእኛ ሁሉ እሷ ነች ሥራዋን የሠራችው። አመስግኜ ዘጋሁ።

ሌላው ጉዳይ ደግሞ ቀብሩ ነው። እዚህ ባለው ደንብ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ከተገኘበት ቀን ጀምሮ አምስት ዓመት ብቻ ነው መቃብሩ የሚጠበቀው። ከዚያ ይቆፈርና አጽሙ ከሌሎች ጋር በአንድ ጉድጓድ ይጨመራል፤ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የዘንድሮው አራተኛ ወር ዝርዝር ተዘጋጅቶ ቁጥር 212 ሰባተኛ መስመር ላይ ነበር። ዝርዝሩ በዚያው ሰኞ ሊላክ ነበር። ወንድማችን ባልሞተበት ቀን ተቆጥሮበት፣ ሦስት ወር ቀድሞ ሊበተን ነበር ማለት ነው።

ወረቀቶቹን ይዤ ኃላፊያችን ቢሮ ገባሁ። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ግን ያለፉት ዓመታት ሪፖርቶች ሁሉ የሷ ፊርማ አለባቸው። አዳመጠችኝና ፊቷ ጠቆረ። የዓመቱ መዝገብ ተዘግቷል፣ በዓመቱ መጨረሻ ምርመራ ሲደረግ ይታያል አለች። እስከዚያማ ይቆፈራል አልኳት። ደግሞም አንተ ቤተሰብ ነህ አለችኝ፤ ቤተሰብ ሆነህ በዚህ መዝገብ ላይ እጅህን ማሳረፍ አትችልም። እውነቷን ነው። ያንኑ ደንብ ለሥራ ስገባ እኔም አንብቤ ፈርሜበታለሁ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጥርሴን ነክሼ እወጣ ነበር። የዚያን ቀን ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ ቁጭ አልኩ። ገጾቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋሁላት። ቀኑ አይገጥምም ተብለው ከዚህ ቅርንጫፍ መዝገብ ፊት የተመለሱ ቤተሰቦች ስንት እንደሆኑ ጠየቀችኝ። ቀድሜ ከመዝገቡ ቆጥሬ ነበርና አርባ አንድ አልኳት። ቀድመው የተቆፈሩስ? አሥራ አንድ። ገጾቹን እንደገና ከመጀመሪያው አገላበጠች። ውጪ ማተሚያው ወረቀት ሲተፋ ይሰማል። በመጨረሻ «አርባ አንድ ሰው ደጃችን መጥቶ ውሸት ነግረን መለስነው» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለጠረጴዛው። እስክሪብቶዋን አንስታ የዚያን ቅርንጫፍ ዝርዝር አስቆመችው።

የድምቡሼን ቀን ያረመው ጋሼ ካርቶን ነው። እኔ ቤተሰብ ነኝና አልችልም፤ ኃላፊያችን ሌላ ሰው ይሥራው ስትል እኔ አለሁ ብሎ ከመሬት በታች ካለው ክፍሉ ወጣ። በዕድሜው ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም። ወንበሬን ለቀቅኩለት። እኔ ከኋላ ቆሜ እዚህ፣ እዚያ እያልኩ፣ እሱ በአንድ ጣቱ ቁልፎቹን እየፈለገ፣ አራት ቁጥር ለመጻፍ አንድ እድሜ ፈጀብን። ሲጨርስ ትክክል ነው ወይ ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። ትክክል ነው አልኩት። ያኔ ነው ያለቀሰው። ሦስት ዓመት ሙሉ አብሬው ሻይ ስጠጣ፣ ወንድምህ ደወለ ወይ እያለ ሲጠይቀኝ፣ ወረቀቱ ከጀርባው አራት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። ልቆጣው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። እሱ ያነበበው የተጻፈውን ነው።

ባለፈው ቅዳሜ መቃብሩ ዘንድ ሄድኩ። በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ ረፋድ ላይ ደረስኩ። አምስት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ የአራት ሰዓት መንገድ ነበር በመሐላችን። መቃብሩን የሚጠብቀው ሰው ቁጥሩን ሲሰማ ሳይፈልግ ቀጥ ብሎ ወሰደኝ። ከብረት የተቆረጠች ትንሽ ሰሌዳ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተጽፎባት መሬት ላይ ተተክላለች። ሣሩ ታጭዷል። ጠባቂው ሁሉንም እኩል ነው የማጭደው አለኝ፤ ጠያቂ ያለውንም የሌለውንም። ለዚህ ሰው እጁን ብስመው ደስ ባለኝ ነበር፣ አፍሬ ተውኩት። ከዚያ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። መሬት ላይ ነው የምትተኛው ያልኩት ቀልድ ትዝ አለኝ። ምን ዓይነት አፍ ነው ያለኝ እትዬ? ስደሰትም የማይሆን ነገር ይናገራል፣ ስቀልድም።

አሁን ካንቺ የምፈልገውን ልንገርሽ። ስሙ በሰሌዳው ላይ እንዲጻፍና ቦታው ለዘለቄታው እንዲጠበቅለት የቤተሰብ ምራቅ መመርመር አለበት። ቀዩ ክር ለእኔና ላንቺ ይበቃል፤ ለእነሱ አይበቃም። የእኔን ሰጥቻለሁ፤ የወንድም ብቻውን ጥርጥር ሊተው ይችላል፣ የእናት ከሆነ ግን አለቀ አሉኝ። ከደብዳቤው ጋር በወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት የጥጥ እንጨቶች ታገኛለሽ። እማዬ ምግብ ከቀመሰች ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ አፏን ትክፈትልሽና የጉንጯን ውስጥ በሁለቱም በኩል ቀስ አድርገሽ እሺው። በአየር ይድረቅ። ላስቲክ ውስጥ አትክተቺው፣ ይበላሻል፤ በወረቀት ፖስታው መልሺው። ውጤቱ ሁለት ወር ይፈጃል፤ ፖስታው ለመድረስ ሦስት ሳምንት፣ ለመመለስ ሦስት ሳምንት። የተስተካከለው ቀን የሰጠን እስከ ሰባተኛው ወር አራተኛ ቀን ድረስ ነው። አስልቼዋለሁ፤ የሚተርፈን ጥቂት ቀን ቢሆን ነው። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ በማግስቱ መልሺልኝ።

መጀመሪያ ለእማዬ የጥርስ ምርመራ ነው በያት ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ቀደድኩት። ሌላ ወረቀት አምጥቼ ለእግሯ እብጠት ነው በያት ብዬ ጻፍኩ። እሱንም ቀደድኩት። እናታችንን አንድ ጊዜ ዋሽቻታለሁ፤ ሳላውቅ ይሁን እንጂ ዋሽቻታለሁ፤ በዚያም ውሸት ሦስት ዓመት ስልክ ታቅፋ ተቀመጠች። አሁን አፏን ከፍታ ስለ ልጇ ሞት ምስክርነት ስትሰጥ ሳታውቅ ከሆነ ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ይከፋል። አልቅሳ እርሟን ታውጣ። ይህንን ነፍጌያታለሁ፤ ከዚህ በላይ አልነፍጋትም።

እኔ ደውዬ ልነግራት ይገባኝ እንደነበር አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ስልኩን አንስቼ ነበር። ድምፄን ስትሰማ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለሱ ነው፤ ያንን ጥያቄ ስሰማ ምላሴ ይታሰራል። ፈሪ ነህ ካልሽኝ እቀበላለሁ። ደግሞም ብቻዋን ስልክ ይዛ እንድትሰማው አልፈልግም፤ እጇን የሚይዝ ሰው ሊኖር ይገባል፣ ያ ሰው ደግሞ አንቺ ነሽ። ባልሽ ከሥራ ሲመለስ፣ እሱ ባለበት ንገሪያት። ስትነግሪያት መዝገቡ ተሳስቶ ነው ብለሽ አታሳጥሪላት። ቅርንጫፉ ወሩን አስቀደመ፣ ቢሮው ሳይጠይቅ ተቀበለ፣ ያ ወንድ ልጅሽ ደግሞ በሕይወት አለ የሚለውን ከራሱ ጨመረ በያት። እንዳለ ንገሪያት። ከነገርሻት በኋላ፣ እሷ ስትፈልግ፣ ደውሉልኝ። ቀንም ይሁን ሌት አነሳለሁ።

የገበያ ዳሩ ክፍል እስካሁን ሰው ካልገባበት ግቢበት። ይህንን የምልሽ ለማጽናናት አይደለም። ወገብሽ ብርሃን በሌለው ክፍል ውስጥ ጎብጦ ያለቀው በእኔ ምክንያት ነው፤ ይቅር በይኝ የምልበት ቃል ስላጣሁ ነው ስለ ክፍል የማወራው።

እዚህ ሥራዬ ቀጥሏል። ለአርባ አንዱ ቤተሰቦች እየደወልኩ የምነግረው እኔ ነኝ፤ ኃላፊያችን ሌላ ሰው ይሁን ብላ ነበር፣ እኔ ልሁን አልኳት። እስከ ዛሬ ለዘጠኙ ደውያለሁ። አንዲት ሴት ሳታስጨርሰኝ ዘጋችው። አንድ አባት ደግሞ እስከ መጨረሻው አዳምጦኝ ስምህን ንገረኝ አለኝ፤ ሊከሰኝ መስሎኝ ነገርኩት። ለካ ሊመርቀኝ ነው። መርቆኝ ዘጋ። ያ ምርቃት ከስድብ በላይ ከበደኝ። ቀጥሎ ላለው ለመደወል እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ኮሪደር ላይ ስንቆራጠጥ ቆየሁ።

በይ እትዬ፣ ወረቀቱም እኔም አለቅን። ለባለቤትሽ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ስለታገሠን አመሰግናለሁ በይው፣ በዚህኛው ነገር ዝም እንዳይልም ለምኚልኝ። ሚጡን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። አጎቷን እንደ ተረት ስትሰማው ስላደገች ምን እንደምትነግሪያት አንቺ ታውቂያለሽ፤ ብቻ ጠፋ አትበያት። አንቺን እጥፍ አድርጌ እስምሻለሁ፤ ካነበብሽ በኋላ ቁጭ ብለሽ ውሃ ጠጪ፣ ወዲያው አትነሺ።

በደብዳቤዎቼ ሁሉ መጨረሻ ላይ ድምቡሼ ከደወለ ሰላም በሉልኝ እያልኩ እጽፍ ነበር። ዘንድሮ እሱን ሰላም ያልኩት ራሴ ሄጄ ነው።

ለእማዬ ሰላምታዬን ቀድመሽ እንዳትነግሪያት። መጀመሪያ ሁሉንም ንገሪያት፤ በእኔ የመጣውንም ሳታስቀሪ። ከዚያ በኋላ ሰላም ብሎሻል በያት፤ ሰላምታዬን ከተቀበለችኝ ጻፊልኝ፣ ካልተቀበለችኝም ጻፊልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከቢሮው ሦስተኛ ፎቅ፣ ከጠረጴዛዬ
ማክሰኞ፣ የሦስተኛው ወር አሥራ ሁለተኛ ቀን